አንድ አውሮፕላን ተኩል

የገፈርሳ ግድብ ዘበኛ ነኝ እኔ፣
ውኃ ነው የማየው ሌት ተቀን በዓይኔ።
በዱላ፣ በፉጨት፣ በአንድ የእጅ ባትሪ፣
ጠብቅ ተብያለሁ ለከተማ ኗሪ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ግን ሌላ ነው የሚያየው፤
እኔ ውኃ ያልኩትን ሜዳ ነው የሚለው።
ሠላሳ ስድስት ዓመት ሃንጋር ውስጥ የኖረ፣
እርሱ ጡረታ ወጥቶ፣ ግሪሱ ከጥፍሩ ሥር ሥራ ላይ የቀረ።
ሲመሻሽ ይመጣል፣ ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ አለችው፣
ያችኑ ወሬ ይጀምራል፣ ትናንት ያቋረጣት ቦታ ላይ ሳይስታት፣ እንደተዋት አግኝቷት።

«ባሕር ማዶ ሳለሁ፣ ለሥልጠና ሄጄ፣
አየሁት» ይለኛል፣ «በገዛ ዓይኔ፣ ልጄ።
ሆዱ ጀልባ የሆነ፣ ክንፉ ከአናቱ በላይ፣
ቀለሙ የተላጠ ሽማግሌ፣ ከሐይቅ የሚነሣ ወደ ሰማይ።
በወጣትነቱ ባሕር ሰርጓጅ አድኖ፣
በስተርጅናው ደግሞ ውኃ ቀጂ ሆኖ።
ለመቅዳት አይቆምም። እንደ ወፍ ጎንበስ ይላል፣
ሆዱን እንደ ቢላ ውኃው ላይ ይስላል፤
ዐሥራ ሁለት ሰከንድ! ስድስት ሺህ ሊትር ጠጥቶ፣
ቀና ይላል አቃስቶ፣
የሚነደው ደን ላይ ያፈስሰዋል ከፍቶ።»

ውሸት መስሎኝ ነበር፤ ጀልባ ሲበር የት አየሁ?
ለአክብሮት ብዬ ግን «አይ ጉድ!» እላለሁ።

የመጋቢት ማክሰኞ፣ ነፋሱ ሲከፋ፣
ከግድቡ ጀርባ ያለው ባሕር ዛፍ እሳት ተፋ።
ባሕር ዛፍ ሲቃጠል ዝም ብሎ አይነድም፣
ቅጠሉ ዘይት ነው፤ ይፈነዳል እንጂ እንደ ወይራ አይጨስም።
የቡራዩ ሰው ወጣ፣ በቅርንጫፍ መታው፣
በአካፋ፣ በጆንያ። ይልቅ አስቆጣው።
ቀዩ መኪና መጣ ጡሩምባውን እየነፋ፣
አስፋልቱ አለቀበት፤ ለእርሱ የሚሆን መንገድ ጠፋ።

ጋሽ እንግዳወርቅ የልጅ ልጁን ደብተር አውጥቶ፣
በእርሳስ ያሰላል ድንጋዩ ላይ ተደፍቶ፦
የውኃውን ርዝመት፣ የሞተሩን ጉልበት፣
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሜትር፣ የአየሩን ስስነት።
«አይነሣም» አለኝ።
«አየራችን ቀጭን፣ ውኃችን አጭር ነው፤
ጎንበስስ ይላል፣ ቀና ማለቱ ነው የሚያቅተው።»
ስንቱን ጠግኖ ያበረረ ሰው
ወረቀት ላይ ያለ አንድ አውሮፕላን አልነሣለት አለው።

ያን ጊዜ አህዮቹ በሩ ላይ ደረሱ፣
ቢጫ ጄሪካን ጭነው፣ በጭሱ እያነጠሱ።
«ክፈት!» አለች ሌሊሴ፣ የሻሿ ጫፍ ነዶ፤
ቁልፉ እጄ ላይ ቀረ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደ በረዶ።
በሩ ላይ ተጽፏል፣ «መቅዳት ክልክል ነው»፣ በቀይ፤
እሳቱን ሳይ፣ ጽሑፉን ሳይ፣ ደሞዜን ሳይ…
ጋሽ እንግዳወርቅ ደብተሩን ዘጋና፣
«ሦስት መቶ ጄሪካን አንድ አውሮፕላን ነው» አለኝ፣ «በል ተነሣና!»

ከፈትኩት።

ሌሊቱን በሙሉ አህያ ሲወጣ፣ አህያ ሲወርድ፣
እርሱ በከሰል ግድግዳዬ ላይ ሲያሠምር፣ ሲቆጥር አንድ በአንድ፣
ፉጨቴን ቀምቶኝ እንደ ማማ ሰው ያዛል፦
«ያቺ ጥቁሯ ትነሣ! ዳለቻው ይጠብቅ፣ መንገዱ ተይዟል!»
ሊነጋጋ ሲል «ሞላ!» አለ፣ ድምፁ ሻክሮ በጭሱ፤
«አንዱ ተነሣ!» ሲል አህዮቹ ጆሮ አነሡ።

እሳቱ ከጉድባው ወዲህ አልተሻገረም።
ያቆመው የእኛ ውኃ ይሁን፣ ነፋሱ ዞሮ ይሁን፣ እኔ አላውቅም፤
ጋሽ እንግዳወርቅም አልተናገረም።
ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ፣
ደብተሩን ለልጁ ልጅ መለሰ፣ ያሰላበትን ገጽ ብቻ ቀዶ በኪሱ ቋጥሮ።

ሐሙስ ደብዳቤ መጣ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣
«ያለ ፈቃድ የወጣው ውኃ መጠኑ ይገለጽ፤ በአስቸኳይ፣ በቁጥር» የሚል፣ ማኅተም ያለበት።
እስክሪብቶ ይዤ ግድግዳዬ ፊት ቆምኩኝ፣
የከሰሉን መስመር ሁለት ጊዜ ቆጠርኩኝ።
ሊትር አልጻፍኩም።

«ጉዳዩ፦ ውኃን ይመለከታል።
ከላይ በተጠቀሰው ሌሊት የወጣው፣
አንድ አውሮፕላን ተኩል ነው።»