ገመዱን የነቀልኩ ለታ

ከዚራ፣ ከኒሙ ጥላ፣ ከለገሃር አጥር ጀርባ፣
የሞተ ባትሪ ነክሰን ነው ከጨዋታው የምንገባ።
ጌማችን የጅቡቲ ነው፣ በሩዝ ጆንያ ተሸፍኖ
ፍተሻውን ያመለጠ፣ ቋንቋው ሁሉ ጃፓን ሆኖ።
«ላይኛው መስመር ‹አዎ› ነው፣ የታችኛው ‹እምቢ› ይላል»
ብለን ዳብሰን ተማርን፤ ጣት ከመምህር ይሻላል።

ሚፍታህ፣ የገንደ ቆሬው፣ የአናጢው የአብዶሽ ልጅ፣
እንዳባቱ ነው ጣቱ፤ ሳይለካ የማይቆርጥ እጅ።
ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ፣ ሣር ለሣር ሲዞር ከርሞ
አንድ አውሬ ያዘ አንድ ቀን፣ ሊያመልጠው ሲል ቀድሞ፤
ዓይኑ የእንቁራሪት ዓይን፣ ጀርባው ላይ ሻኛ ያለው፣
ሲያሸንፍ የሚያዛጋ፤ «ሻኛው» ብለን የጠራነው።
ሰባት ወር አሳደገው፤ መብራት በሄደበት ማታ
ጣሪያ ላይ በጨረቃ፣ ለአንዲት እርከን ሲንገላታ።

እኔ ግን (ስሜ ዳግም ነው፤ ስምን መልአክ ያወጣዋል)
ሰው የላበበትን ሁሉ ዓይኔ ቀድሞ ይበላዋል።
ከታይዋን አንድ ጎረምሳ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ሹክ አለኝ፦
«ስትለዋወጡ፣ ልብ በል፣
መስመሩ ሊሞላ ሲል፣
አንድ ትንፋሽ ሲቀረው
ገመዱን ንቀል፤
አንዱ ሁለት ይሆናል።»

ነቀልኩ።
«ወይኔ፣ ገመዱ ላላ» አልኩ።

ሚፍታህ ክው አለ፣ ከፈተ፤ ሻኛው እቦታው ነበረ፤
«አልሀምዱሊላህ» ብሎ ላቡን ጠርጎ ስቆ ቀረ።
እኔም ጋ አለ፤ ያው ሻኛ፣ ያው ዓይን፣ ያው ማዛጋት፤
ደገምኩት፣ ደሞ ደገምኩት፤ ያለ ላብ ሦስት ማግኘት!
የሳቢያንን ልጆች ሁሉ በሦስት ሻኛ ጨረስኳቸው፤
ሃያ ብይ፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ የእጅ ሰዓት በላኋቸው።

ግን ከአውሬው ስም ግርጌ አንድ ምልክት አልጠፋ አለኝ፤
ማበጠሪያና መንጠቆ፣ ባየሁት ቁጥር የሚያየኝ፤
ሚፍታህ መጀመሪያ ቀን፣ ትርጉሙን ሳያውቅ መርጦ፣
«ስሜ ይኼ ነው» ያለው፣ ሁለት ፊደል አስቀምጦ።

ነሐሴ ላይ፣ በሌሊት፣ ደረቁ ደቻቱ መጣ።
ዓመት ሙሉ አሸዋ ነው፤ ኳስ ሜዳ፣ የግመል መንገድ፤
ያን ሌሊት ግን ከተራራ ማንንም ሳይጠራ ሲወርድ
የአብዶሽን መጋዝ ወሰደ፣ ጣውላውን፣ ግማሹን ቤት፤
ከሚፍታህ ትራስ ሥር ደግሞ በላስቲክ የታሰረውን ሕይወት።
«ሰው ተርፏል፣ ሌላው ዕቃ ነው» አሉ ጎረቤቶች። እውነት።
ስለ ሻኛው ድንኳን የለ፤ ማን ይቀመጣል ለአውሬ ሞት?

ሁለት ሳምንት ስፈራ ከርሜ ከመጠለያው ሄድኩኝ፤
ማሽኔን ከፍቼ ሰጠሁት፤ ወደ መሬት አቀረቀርኩኝ።
ማበጠሪያና መንጠቆ። በአውራ ጣቱ ዳበሰው።
«ያኔ ገመዱ አልላላም?»
«አልላላም።»
«ስንት አለህ?»
«ሦስት።»
«አቦ!» አለ። ሌላ ቃል አልወጣው።

«ባልሰርቅህ» አልኩት «ወሪያ፣ ዛሬ ምን ይተርፍህ ነበር?»
መልስ አልሰጠኝም ለዚህ። እኔም እስከ ዛሬ የለኝ፣ ከምር።

«ሁለቱን ልቀቅ» አለኝ ብቻ።
ማሽኑ ጠየቀ፣ በማናነበው ፊደል።
ላይኛውን መስመር ተጫንኩ። አዎ።
ደግሞ ጠየቀ። አዎ።
ሣሩ ውስጥ ገቡ፤
አንዱ እንኳ ዞር ብሎ አላየም።
«አሁን አንድ ነው፤ አሁን የኔ ነው» አለ ሚፍታህ። «ያዝልኝ፣
ማሽን እስክገዛ ድረስ።» አደራ ብሎ ጣለብኝ።

አልገዛም። መስከረም ሲጠባ
ቤታቸው ተነሥቶ ጅግጅጋ ገባ።

ዛሬ ታይዋን ውስጥ፣ ሁለት ክንድ በምትሞላ ሱቅ፣
ስልክ እጠግናለሁ። ልጆች ይመጣሉ፤
«ጋሽ ዳግም፣ ሳንቲሙ የማያልቀውን ጫንልን፣
አውሬው ሁሉ የተያዘበትን!»
አንዳንዴ እጭናለሁ፤ የሱቅ ኪራይ አለ።
አንዳንዴ «ሰባት ወር ፈጅታችሁ አንድ ያዙ» እላለሁ፤
ይስቁብኛል።

መሳቢያዬ ውስጥ አሮጌው ማሽን አለ።
የሆዱ ባትሪ ሲደክም፣ ያስታወሰው እንዳይጠፋው
ከሌላ ባትሪ ጋር አስሬ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በብየዳ እቀይራለሁ።
ከዚያ አበራዋለሁ፦
ማበጠሪያ። መንጠቆ። አንድ።
ሻኛው ያየኛል፤
ማንንም ሳያሸንፍ ያዛጋል።