ሁለት ሸክላ

በታምፔሬ ክረምት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ
ጀምበር ትሸሻለች ከፋብሪካው ኋላ።
ጡቡ ቀይ፣ በረዶው ነጭ፤ ጭስ የለም ዛሬ፣
ጥጥ የተፈተለበት ቤት ሙዚየም ሆኗል ባገሬ።
እኔ ዘበኛው ነኝ። ሌሊት፣ ከቁልፎቼ ጋራ፣
አሮጌ ማጫወቻ አለኝ፤ ሁለት ሸክላ፣ በየተራ።

አንዱ የኢልማሪ ነው፣ ብቻውን የሠራው፣
ከሦስቱ ተጣልቶ ስሙን ለብቻ የጠራው።
ሌላው የአራቱ ነው፤ ከሃያ ዓመት ወዲህ
ታርቀው ያወጡት፣ ተሰብስበው እንዲህ፦
ሽፋኑ ላይ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ፣
የቆዳ ጃኬታቸው አልዘጋ ብሎ እስከ መጨረሻ።

እህቴ ሄልካ ደወለች ትናንት ማታ፣
«ሰማኸው?» አለችኝ፣ ድምፅዋ በደስታ፣
«ባንድ ሆኑ እኮ! ያውም በስተርጅና!
ሰው ለብቻው ምን ሊሆን? አንድ እንጨት መቼ ነደደና!»
ዝም አልኳት። በወጣትነቷ
የከበሮ መቺው የቬይኮ ፎቶ ነበር ከራስጌዋ፤
ምን ልበላት?

የብቻውን አስቀድሜ ጫንኩት።
መርፌው አረፈ፤ ሻካራ ድምፁን ሰማሁት።
ጊታሩን ራሱ ይመታል፣ ግራ እጁ ይሰንፋል፣
ሦስተኛው ዘፈን ላይ አንድ ቦታ ያልፋል፤
ያልፋል ማለቴ፣ ይቆማል። አራት ምት ያህል ዝምታ።
ቬይኮ ከበሮውን ያንደረድርበት የነበረ ቦታ።
አልሞላውም። ሌላ ሰው አላስገባበትም።
ወንበር ስቦ ትቶለታል፤ ማንም አልተቀመጠበትም።
ደግሞ በሁለተኛው ፊት መግቢያ
ታውኖ ክር ሲወጥር የሚያፏጫትን
ያፏጫታል፣ ሳይዘልል እስከ ማብቂያ።
ተጣሉ አሉ። እንዲህ ያለ ጠብ አላየሁም፤
ሦስት ሰው ቤቱ አስቀምጦ
«ብቻዬን ነኝ» የሚል አልሰማሁም።

አሁን አዲሱን። አቤት ጥራቱ!
ከበሮው ደረት ይመታል፣ አልተዛነፈም ምቱ፤
ሁሉም በቦታው ነው፣ ሁሉም በሰዓቱ።
ከሽፋኑ ጀርባ ግን በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦
«ከበሮ፣ ቱርኩ። ጊታር፣ ማልሞ። ባስ፣ ኦውሉ ተቀድቷል።
ድምፅ፣ ታምፔሬ።» አራት ከተማ፣ አራት ክፍል፣
አራት ሰው ጆሮውን ደፍኖ በየግሉ ሲታገል፣
አንድ ባለሙያ በኮምፒውተር ሰፋቸው
እንደዚህ ቤት የድሮ ጨርቅ፣ ስፌት ሳይታይባቸው።
ባንድ ነው ይላል ሽፋኑ። ባንድ የዋሉት መቼ ነው?
ባንድ ሳህን ያልበላ፣ ባንድ ክፍል ያላላበው፣
ባንድነቱ ምኑ ነው?

ልፈርድ ነበር። «ያኛው ይሻላል» ልላት፣
ስልኩን አንስቼ ልደውልላት።
መርፌውን ሳላነሣ ረስቼው ኖሮ
ሸክላው ይዞራል፣ ባዶውን፣ ዞሮ ዞሮ፤
ከመጨረሻው ዘፈን ወዲያ፣ ከጸጥታው ሥር፣
ሳል ተሰማ። ወንበር ተጎተተ። ተንቋቋ በር።
ለፎቶው የተገናኙ ቀን ይሆናል፤
የሆነ ሰው ማጥፋት ረስቷል፣
ወይ አልረሳም።

«በላህ?» አለ አንድ ያረጀ ድምፅ፣ ከጥግ፣ ቀስ ብሎ።
«አልበላሁም» አለ ኢልማሪ፣ እንደ ልጅ አኩርፎ፣
ከዚያ ሳቀ።
ሌሎቹም ሳቁ። መስመሩ አለቀ።

አሥራ አንድ ሰከንድ። መልሼ ሰማሁት፣ መልሼ፣
የስምንት ሰዓት ዙሬን እስካልፈው ረስቼ።
ሄልካ ራሷ ደወለች፦ «እህ፣ የቱ በለጠ?»
«አዲሱን ጨረስሽው?»
«አዎ፣ ሁለት ጊዜ።»
«አልጨረስሽውም» አልኳት። «መርፌውን አታንሺ።»