የጨው ዓምድ

የሦስተኛ ዓመት ምደባ የተለጠፈ ዕለት፣
ጅኑክ ስሟን ፈለገች፣ ከዳካው ዝርዝር ፊት፤
የአየር ንብረት ሞዴል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣
የሚመጣውን መቶ ዓመት ማንበብ፣ ከአንድ መስኮት አፍጥጦ—
ስሟ የለም።

ከግርጌው በእስክሪብቶ፣ ዘግይቶ የተጻፈ፣
አንድ ቦታ አለ፣ ወሳጅ አጥቶ የተረፈ፦
"የኩሬ ውሃ ጨው፣ ሻምናጋር፣ ስምንት ሳምንት፤
አበል፦ የአውቶቡስ ቲኬት።"

የጨረሰችውን ኮርስ በጣቷ ቆጠረች፤
የአፈር ሳይንስ አልፋለች፣ ስታቲስቲክስ ላይ ወድቃ ተነሥታለች፣
የውሃ ኬሚስትሪን፣ እሱን እንኳ ትወዳለች።
"ጨው ለመቅመስ ነው" አለች፣ "ሦስት ዓመት የለፋሁት?"
ፕሮፌሰር ሞዙምደር ሰሙ፤ መነጽራቸውን አወለቁት፤
"ሞዴሉ ቁጥር ይበላል፤ ቁጥሩ ያለው ጭቃ ውስጥ ነው።
ሂጂና አብዪው።"

ከኩልና አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ፣
ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ እግር፣ ጭቃው የጫማ ቀባሪ።
ሩዝ ይበቅልበት የነበረ የሽሪምፕ ኩሬ ሆኗል፣
ሰማዩ ወርዶ ሜዳው ላይ በደረቱ ተኝቷል፤
ውሃ እስከ ዓይን ድረስ፣ ለጉሮሮ ግን ጠፍቷል።

በእኔ ቋንቋ ጨው ይመከራል፤ "ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣
ያለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" ይሉታል።
እዚያ ግን ሴቶቹ፣ ጎህ ሳይቀድ፣
ማሰሮ በወገባቸው ታቅፈው፣ ሁለት ሰዓት መንገድ፣
ተረቱን ቢያውቁት ኖሮ ገልብጠው በጸለዩት፦
ጨው ሆይ፣ ስለ ፈጣሪህ፣
ድንጋይ ሁን፣ ይጣሉህ።

ሸፋሊ ቢቢ ተከተለቻት፣ ማንም ሳይልካት፤
ልጅቷ መለኪያዋን ስትነክር፣ እሷ በእፍኟ ቀድታ፣
የምላሷን ጫፍ አስነክታ፣
ትፍ።
"ይሄ ለሩዝ" ትላለች። "ይሄ ልብስ ማጠቢያ።
ይሄን ፍየል ትጠጣው፣ እርጉዝ ካልሆነች። ያኛው
ለማንም።"
ጅኑክ ሣቅ አለች፣ ለትሕትና ያህል፤ ከደብተሯ ዳርቻ
በእርሳስ ጻፈችው፣ ለወግ ብቻ።

በአምስተኛው ሳምንት ዝናብ፤ ድልድዩ አንድ ቀርከሃ፤
መለኪያው ከእጇ አመለጠ፣ ገባ ከውሃ።
በፊርማ የወጣ ዕቃ! አለቀሰች፣ ተሳደበች፣
ማታ በኩራዝ ደብተሯን ገልጣ የእርሳሱን ጽሕፈት አየች።
ዐሥራ ዘጠኝ ኩሬ፤ በቁጥሩ ደረደረች፣
በምላሱም ደረደረች፤
ዐሥራ ሰባቱ ገጠሙ፣ ሁለቱ ተጣሉ። "አገኘሁሽ!" አለች።

ነግቶ ጠርሙሶቹን ስታይ፣ ስምንትና ዐሥራ አንድ፣
ስማቸውን ያቀያየረች እሷው ናት፣ በገዛ እጇ፣ በጥድፊያ፣ አንድ ቀን።

ሪፖርቱ "መሣሪያ" ከሚለው ሥር እንዲህ ይላል፦
"ሁለተኛ መሣሪያ፦ ምላስ። የተሠራበት ዘመን፦ ባለቤቷ አታውቀውም።
ጥገና፦ በየቀኑ ትጠማለች።"
ሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች፣ የጨው ዓምድ፤
ዞራ ያየችዋን ሴት አይደለም፣
ጎንበስ ብላ የቀመሰችዋን።

ፕሮፌሰሩ ቀዩን ብዕር አነሡ። አስቀመጡ። አነሡ።
"ተከታታይ ቁጥሩስ?" አሉ፣ እየሣቁ ይሁን እየተቆጡ ሳይለይ።
ዓምዱ ወደ አባሪ ተሰደደ። ውጤቷ ቢ ፕላስ።
የዳካው ቦታ በዓመቱ ደረሳት፤ ሄደች፤
ክፍሉ እውነትም ይቀዘቅዛል።

ሰሌዳው ላይ ግን ዘንድሮም፣ ከግርጌው፣ በእስክሪብቶ፣
ያው ማስታወቂያ አለ፤ ያው ሻምናጋር፣ ያው ስምንት ሳምንት፤
"አበል፦ የአውቶቡስ ቲኬት" ከሚለው ቀጥሎ
በሌላ እጅ ጽሕፈት፦
"ለሸፋሊ ቢቢ የቀን ሒሳብ። ተከራክሬ አስፈቅጃለሁ።
መለኪያውን በገመድ እሰሩት።"