ጥላሸት የለበሰች ዐይን

አምብሮስ ፖትል ጆሮው ከደነቆረ ቆይቷል፤
አርባ ክረምት ሙሉ ከሞተር ሥር ውሏል።
ድምፅ ግን አልተወውም፤ ወርዶ ከእጁ ገብቷል፤
ከምድጃው ደረት መዳፉን ያሳርፋል፣
"አየር ስባለች" ይላል፣ "ፖምፓዋ ይስላል።"
እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ሣጥኑን ተሸካሚ፣
ካቻቪቴ አቀባይ፣ ከአፉ ቃል ለቃሚ።

የካቲት ነው። ኒውፋውንድላንድ። የባሕሩ ዳር ረግቶ
ነጭ ቆዳ አውጥቷል፤ ነፋስ ከሰሜን መጥቶ
የሳንቃ ቤቶቹን በጥርሱ ይፍቃል።
ድሩሲላ ኪፒንግ በስልክ፦ "ይነሣል፣ ይሞታል።
ይነሣል፣ ይሞታል።
ቀዩን ቁልፍ ስጫን ዐሥር ጊዜ ሆኖኛል።"

"ዐሥር ጊዜ" የሚለውን በእርሳስ ጽፌ ባሳየው
ፊቱ ተለወጠ፤ መኪናውን እንኳ አላሞቀው።
ያልነደደ ናፍጣ ከእሳት ቤቱ ታቁሮ
አንዲት ብልጭታ ቢያገኝ፣ የብረቱን በር ሰብሮ
ይወጣል፤ ሳሎኑን ኀዘን አልብሶ፣ መጋረጃውን አጥቁሮ።

ምድር ቤት ወረድን። በሩን ከፍቶ ጣቱን ሰደደ፤
ደረቅ ነው።
ጣቱን አሸተተ። ደግሞ ሰደደ።
ደረቅ።
"እንግዲያው ነድዷል" አለ፣ ለራሱ፤
ግን ደንቆሮ ስለሆነ፣ ለራሱም ሲናገር ይጮኻል ድምፁ።

ኖዝሉን ፈታ፤ ከአውራ ጣቴ ጥፍር የማትበልጥ ናስ።
"ቀዳዳዋን አሳየኝ" አለኝ፤ ዐይኔ እስኪፈስ
ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሳቀ።
"ናፍጣ እኮ ዝም ብሎ አይነድም፤ ክብሪት ጣልበት፣ ይጠፋል፤
ኩሬ ሆኖ ሲተኛ እሳቱን ራሱ ይውጣል።
በመቶ ፓውንድ ግፊት መግቢያ መውጫ አሳጥተህ፣
በጠማማ ቦዮች አዙረህ፣ አዙረህ፣
በማትታይ ቀዳዳ ጉም አድርገህ ስትተፋው፣
እያንዳንዷ ጠብታ የራሷን አየር ስታቅፈው፣
ያን ጊዜ ነው እሳት የምትለው።"

ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ከኖዝሉ አፍ ላይ ቆመዋል፣
እንደ ተኳረፉ ወንድማማች ሳይነካኩ ይተያያሉ፤
በመካከላቸው ያለችው ስንዝር የማትሞላ ኩርፊያ ናት
መብረቅ የምትወልደው። ቢታረቁ፣ ቤቱ ይቀዘቅዛል።
(ይህን ሲል ሳቀ። እሱም ወንድም ነበረው፣ በርጂዮ የሚኖር፤
ስለ እሱ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።)

ፊልትሮው ንጹሕ ነው። ፖምፓው ብርቱ።
ለኮስነው፤ ነደደ፤ ብርቱካናማ ነው ፊቱ፣
ጫፉ ላይ ጭስ የለም። አምብሮስ መዳፉን አስደግፎ
በከንፈሩ ቆጠረ፤ ሠላሳ... አርባን አልፎ
አርባ አምስት ላይ ሲደርስ፣ ደህናው እሳት ጠፋ።

"ዐይኗን አምጣልኝ" አለ።

ከነፋሱ ቱቦ ኋላ ተደብቃ የምትኖር
ምስር የምታክል ብርጭቆ፤ ሥራዋ አንድ ነገር፦
ብርሃን ካየች ታሳልፋለች፤ ካላየች ትዘጋለች።
ዘበኛ ናት። አወጣኋት። ጥላሸት ለብሳለች።
የምትጠብቀው እሳት እየጨሰ በየሌሊቱ
ሲሸፍናት፣ ሲሸፍናት፣ ቆማ ከነበልባል ፊቱ
"እሳት የለም" እያለች ዘጋችው በሕይወቱ።

በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት። ይኸው ነበር ጥገናው።

ድሩሲላ የሟች ባሏን ካፖርት በራሷ ካፖርት ላይ ደርባ
ከደረጃው ላይ ሆና ጠየቀች፤ እኔም ጻፍኩለት፦
"እሳቱ ነበር ማለት ነው?"
"ነበር!" ብሎ ጮኸ፣ ቤቱ እስኪያስተጋባ፤
"ሁልጊዜ ነበር!"
ከደረጃው ላይ ተቀመጠች። ብዙ ቆየች።
ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝ።

ገንዘቡን ከፈለች፤ ከላዩ አንድ ብርጭቆ ማርማላታ፣
ቢጫ፣ ከረግረግ የተለቀመ፣ ፍሬው የሚያስታግስ የአፍ ምሬት።
አምብሮስ በመኪናው ውስጥ በካቻቪቴ በላው፤ ግማሹን ለእኔ ተወልኝ።

አሁን ሣጥኑ የእኔ ነው፤ ጆሮዬም ደህና ነው።
ግን በየምድር ቤቱ ስወርድ፣ ከማዳመጤ በፊት፣
መዳፌን አሳርፋለሁ።
ያቺን አሮጌ ኖዝልም ኪሴ ውስጥ ይዣታለሁ፤
በአምፑል ፊት አዟዙሬ፣ አንድ ዐይኔን ጨፍኜ አያታለሁ፤
ቀዳዳዋን እስከ ዛሬ አላየኋትም።