የማኅተሙ ቀለም

እኔ ኤዴልሚራ፣ በቺሎዌ ደሴት፣ በጀልባው ወደብ ላይ፣
ቲኬት እቆርጣለሁ፤ ዝናብ ፀሐይ ሳልለይ።
ሥራዬ ከባድ አይደለም፦ ማኅተሙን ከቀለም
ነክሮ ወረቀት ላይ መጫን ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለም።

ያን ዓመት፣ በሐምሌ ብርድ፣
ከራስ ቅሌ ውስጥ አንድ እጅ ተነሣ፣ የራሱን ማኅተም የያዘ፤
ያየሁትን ሁሉ «ላንቺ ነው» እያለ መታው፣
ዓለሙ በቀለሙ ተበረዘ።
የጀልባዋ ጡሩንባ፦ ላንቺ ነው።
የጭነት መኪናው ታርጋ፣ የዓሣ ነጋዴው ሳል፦ ላንቺ ነው።
ሦስተኛ ተራ ላይ የቆመችው ሴትዮ፣ ቀይ ጓንቷ፦
ላንቺ ነው፣ ላንቺ ነው፣ ከእሷ ተጠንቀቂ።
ሌሊቱን ባሕሩ ስሜን ሲጠራ አደረ።
እውነቱን ልናገር?
መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበረ።

እኅቴ ሩፊና አንኩድ ሆስፒታል ስታደርሰኝ
ሁለት ካፖርት ደርቤአለሁ፤
ከካልሲዬ ውስጥ የተቀደዱ ቲኬቶች ወጡ፣ ሦስት መቶ አርባ፤
«አትንኩብኝ» ብዬአለሁ።

ዶክተር ኦያርሱን፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ፣
በመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ ሁለት ጣት የሚመስል ነገር ሣለ፦
«ይኼ ነርቭ ነው፤ ይኼም ነርቭ፤ መካከላቸው ክፍተት አለ።
ዶፓሚን ይሻገራል፤ ማዶ ካለው ወንበር ሲቀመጥ
"ልብ በይ" ይላል።
ባንቺ ላይ በዛ። መድኃኒቱ ቀድሞት ወንበሩን ይይዛል፤
ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፤
መልእክተኛው ሲመጣ ቦታ ያጣል።»
ጥቂት አሰበና፣ «የማናውቀው ግን ይበልጣል» አለ።
ያመንኩት ለዚህ ነው።

ሪስፔሪዶን። ማታ ማታ አንዲት ፍሬ።
ከሳምንታት በኋላ ባሕሩ ስሜን ረሳ፤
ጡሩንባው ጡሩንባ ሆነ፣ ጓንቱም ጓንት።
ሩፊና በደስታ አለቀሰች።
እኔም አለቀስኩ፣ ለብቻዬ፣ መታጠቢያ ቤት፤
ማኅተሙ ከሁሉም ላይ ተነሥቶ ነበርና፦
ከድንች ቂጣው ጣዕም፣ ከጠዋቱ ብርሃን፣
ከራሷ ከሩፊና ሣቅ ላይ ሳይቀር።
እግሮቼ ዕረፍት አጡ። ተቀምጬ እንኳ እሄድ ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ ከመስኮቱ ኋላ፣ መልስ ስቆጥር፣
ከተራው መሐል ሕፃን አለቀሰ፤
ሸሚዜ ረጠበ። ወተት።
አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ወልጄ አላውቅም፤
ጡቴ ግን እንደ ተጠራ ሰው መለሰ።

«አዎ፣ ያጋጥማል» አለ ኦያርሱን፣ ደሙን መርምሮ፤
«ያው ዶፓሚን እታች፣ ከአንጎል ሥር፣ ሌላ ሥራ አለው፤
የወተቱ ዘበኛ ነው።
መድኃኒቱ ሰፈር አይመርጥም፤
ዘበኛውንም ከደጁ አስነሣው።»

እስቲ አስቡት።
በእብደቴ ወራት ቢሆን ኖሮ ይህ ወተት፣
ደሴቲቱን በሙሉ ከወደቡ ሰብስቤ
«ተጠርቻለሁ» ባልኩ፣ ሻማ ባስያዝኩ፣ ባዞርኳቸው በሰልፍ።
ምልክት የሚመስል ነገር የመጣው
ምልክት የሚያነብብ ዓይኔ ከተዘጋ በኋላ ነው።
በመሐረብ ጠረግሁት።
ለሚቀጥለው ሰው «ስንት ናችሁ?» አልኩ።

አሁን ሌላ ፍሬ ነው የምውጠው፤
«ይኼኛው ወንበሩን ይዞ ጭራሽ ዝም አይልም፣
በለሆሳስ ይናገራል» ይላል ዶክተሩ።
ወተቱ ደረቀ። እግሮቼም ዐረፉ፣ ብዙውን ጊዜ።
አልፎ አልፎ አንድ ነገር ፈዘዝ ያለ ማኅተም አርፎበት አገኛለሁ፦
የረጠበ ገመድ ሽታ። ትናንት ደግሞ
ሩፊና ሾርባውን ስታማስል ያፏጨችው ፉጨት።
ፍሬዋ ፈቅዳልኝ ይሁን ወይ እኔው ራሴ፣ አላውቅም፤
ኦያርሱንም አያውቅም።

ሸሚዙን አላጠብኩትም።
ከቁም ሣጥኑ ታች፣ ተጣጥፎ አለ።
ሩፊና አይታዋለች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።