መቅዳት

«ዘጠኝ ዘፈን» አለኝ ሚፍታህ፣ «ሁሉም ስለ ድሬ፤
እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ የሴት ስም ሳልጠራ፣ ሰፈር ልጥራ ዛሬ፤
አንዱ ነምበር ዋን ነው፣ አንዱ ገንደ ቆሬ።»

እኔ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ፤ ማይክ አለኝ፣ ሽቦ አለኝ፣
ረመዳን ሲገባ ግን ሙሽራ የለ፣ ሥራ የለኝ።
«እሺ» አልኩ። ምን ቸገረኝ።

ቀን አይቀዳም ድሬ። ቀን ቆርቆሮው ሲሞቅ ይንጣጣል፤
ማራገቢያው ያጉተመትማል፣ ቢያጠፉት ላብ ያሰጥማል፤
ባጃጅ በየስንኙ መሀል ጥሩንባውን ነፍቶ ያልፋል።
ስለዚህ በሌሊት፣ ከተራዊህ ኋላ፣ ከሱሁር በፊት፣
ከተማው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ሲተኛ፣
ሌባ መስለን ዞርን፣ ሁለታችን እኛ።

«ስንት ዓመት ሆነው?» አልን፣ የጣቢያው ሰዓት ቆሞ ብናየው፤
ዘበኛው አዛጋ። «ከቆመ ወዲያማ፣ በምን ልቁጠረው?»
ሚፍታህ ይቺን ይዞ ሮጠ። ሦስተኛው ዘፈን ይኸው።

አራተኛው የአባቱ ነው። የባቡር ፍሬነኛ ነበር፤
ሲቆጣ በፈረንሳይ አፍ፣ ሲቆጥር በሶማሊ ነበር፤
ልጅ ሲያባብል በኦሮምኛ፤
ሲርበው ዝም ነበር።

አምስተኛውን አልወደውም። ነገርኩት።
ስለ ሐሩሩ ነው፤ ሐሩሩን ፍቅር አስመሰለው።
ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ ተለጥፎ ትምህርት ቤት የሄደ
እንዲህ አይልም። የድሬ ፀሐይ አበዳሪ ናት፣
ጠዋት ሰጥታህ ቀትር ላይ ከነወለዱ ትጠይቅሃለች።
ግን ቀረ። ግጥሙ የሱ፣ ማይኩ ብቻ የኔ።

ሰባተኛው ላይ ቆምን።
ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል፣ ደቻቱ፤ ከሥሩ ባዶ።
ሦስት ሌሊት ጻፈ፤ ሲነጋ ጣለው ቀዶ።
«ወንዝ ነው እንዳልል ውሃ የለው፤
ወንዝ አይደለም እንዳልል፣ ስንቱን ሰው በላው።»

ባራተኛው ሌሊት ወረድን፣ ከድልድዩ በታች።
አሸዋው ገና ሙቅ ነው፣ ሰው አሁን እንደተነሣበት ፍራሽ።
ማይኩን ተከልኩ። ጆሮዬ ላይ ምንም።
ምንም። የራሴው ደም።

አንዲት ሴት መጣች፤ ጀሪካን፣ ጣሳ።
«ምን ታደርጋላችሁ?»
«እንቀዳለን።»
ሽቦውን በባትሪዋ ተከተለችው፣ እስከ ማይኩ፣ እስከ እኔ ጆሮ።
«እኔም ልቀዳ ነው። የናንተ ጀሪካን የታል?»

ሳቅን። ሚፍታህ ነገራት፤ ዘፈኑን፣ ወንዙን፣ ቃል ማጣቱን።
ተንበረከከች፤ አሸዋውን እየጫረች፣

«ሲመጣ አትዝፈነው» አለች። «ሲመጣማ ሁሉም ሰማ።
ያዙኝ ልቀቁኝ ባይ ነው፣ ዘፈን ምን ያደርግለታል?
እኔ በማግስቱ በሬን አገኘሁት፣ ከነመቃኑ፣
ከከተማው ማዶ፣ ቁልቋል ላይ ተንጋሎ።
እንደቆለፍኩት ነው። ቁልፉ አንገቴ ላይ።
ምን ላርግ? ከፈትኩት።
ከሥሩ ቁልቋል ነበር።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅን።
ጣሳው ጭር፣ ጭር። ጉድጓዱ ክንድ ሲያህል፣ ዝም።
ጠበቀች። አሸዋው ቀስ ብሎ አላበው፣ ቀስ ብሎ አቆረ።
ከዚያ ጠብ፤ ጀሪካኑ ግርጌ፣ መጀመሪያ በወፍራም፣
ሲሞላ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣
አንገቱ ጋ ሲደርስ የልጃገረድ ድምፅ ሆነ።
ሚፍታህ ጊታሩን ከጀርባው አላወረደም።

አልበሙ ዛሬ በፍላሽ ይሸጣል፣ ታይዋን፣ ከቻርጀር ጎን።
አንድ የባጃጅ ሹፌር መልሶ አመጣልን፤
«ስምንቱ ይገርማል፤ ሰባተኛው ግን ተበላሽቷል፣ ዘፋኝ የለውም።»
ብሩን መለስንለት።

ከሁሉ በፊት የሰማችው ግን እሷ ናት።
ስሟ ዘምዘም ነው፤ ያወቅነውም ያኔ፣ ፈቃድ ልንጠይቃት ስንሄድ።
ማዳመጫውን ከሻሿ ሥር አስገባሁላት።
ዓይኗን ጨፈነች። ብዙ ቆየች።
ድንገት «በቃ፣ ሞላ» አለች፤
እጇም ማንሻውን ፈልጎ
አየር ጨበጠ።