ግማሽ ጡብ

ጋርበት ከጣሪያው ጠርዝ ቱምቢውን ለቀቀ፤
ክሩ ሆዱን ነክቶ፥ ከእግሩ ሦስት ጣት ራቀ።
«ያረገዘ ግንብ ነው» አለኝ እየሳቀ።
ወይዘሮ ዊልሞት አልሳቁም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው፥
የሹራብ እጅጌያቸውን እስከ ጣት ጎትተው፥
«ቤቱ ያባቴ ነው፥ ቀድሞም የአባቱ፤
ከዚህ እስከ ሴቨርን የለም እንደ ፊቱ።»

እውነት ነው፥ ፊቱማ።
ቀይ ጡብ በመደዳ፥ ረጅምና አጭር፥
አንዱ በጎን ተኝቶ፥ አንዱ በግንባር፥
መሐላቸው ነጭ መስመር፥ ከፀጉር የቀጠነ፥
በኖራ የተሳለ፥ በማስመሪያ የተመጠነ።
መስኮቱ ከታች ረጅም፥ ሽቅብ ሲል እያጠረ፥
ገረዶች ካደሩበት መዳፍ ታህል የቀረ።
አንዱማ ጭራሽ መስኮት አይደለም፤ በጡብ የተደፈነ፥
ብርሃን ግብር ሲጣልበት ዓይኑን የጨፈነ።

ነጩን መስመር በካዙላ ጫፍ ፈቅፍቄ አነሣሁት።
ከሥሩ ሌላ ነው፤ ሰፊ ኖራ፥ ቀይ ቀብተው ጡብ ያስመሰሉት።
ሰሙ ቀጥ ያለ፥ ወርቁ የተንጋደደ።
ጋርበት ጡብ ነቀለ። አንድ። ሁለት።
ሦስተኛው ሲወርድ ሳቁ በረደ።
«ግማሽ ነው።»
የኋላውን ግንብ ሊነክስ የሚገባው ጥርስ
ከወገቡ ተሰብሮ፥ ከቆዳ አልፎ ሥጋ የማይደርስ፤
ያኔ የሠራው ሰው፥ ውዱን ጡብ ሊቆጥብ፥ አንዱን ሁለት አድርጎ፥
ፊትን ለብቻው አቁሟል፥ ከጀርባ ጋር ሳያስተቃቅፍ፥ አስጠግቶ።
ወይዘሮ ዊልሞት ቀረቡ፤ ክፍተቱን በጣት ለክተው
«እኔና ኦስበርትም...» ብለው ጀመሩና ተዉት።

«ሆዱን አንመልስም» አለ ጋርበት፥ «እንዳይብስ እንይዛለን።»
ሳምንቱን ሙሉ በሳን፤ ቀይ አቧራ ሳልን።
የማይዝግ ብረት ሰደድን፥ በእርሳስ ውፍረት፥
ከፊት እስከ ጀርባ፥ እስከ ወይዘሮዋ መኝታ ቤት።

አርብ፥ ሊመሽ ሲል፥ ሻይ ይዘው ወጡ፤
«ነጩ መስመርስ?» አሉ፥ ደረጃው ላይ እየተቀመጡ።
«እሱማ ውሸት ነው» አልሁ።
ጋርበት በክርኑ ጎሸመኝ።
ጽዋቸውን አዞሩ፥ አዞሩና
«አውቃለሁ፥ ልጄ» አሉኝ፤
«ቢሆንም መልስልኝ።»

ማስመሪያውን ደገፍሁ። ትንፋሼን ዋጥሁ።
በተንጋደደው ላይ ቀጥ አድርጌ ዋሸሁ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤
ያን ቀን ግንበኛ ሆንሁ።